የወንድም ጋሼ ሰሌዳና የማዶው ቀይ ጨርቅ

የወንድም ጋሼ ሙያው ሬዲዮ መጠገን ነው፤ አመሉ ግን አስተያየት መስጠት ነው። እያማሁት አይደለም፤ ፊት ለፊቱም እለዋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ አብረን ሠርተናል፤ እሱ ከበሩ በስተግራ ከነመበየጃው፣ እኔ በስተቀኝ ከነስፌት መኪናዬ። መሃላችን አንድ ጠረጴዛ አለ፤ ግማሹ የእሱ ብሎን ነው፣ ግማሹ የእኔ ቁልፍ። አንዳንዴ ይደባለቃል። የአንድ ደንበኛ ሬዲዮ በድምፅ መጨመሪያው ቦታ የእኔ የካፖርት ቁልፍ ተገጥሞለት ሄዷል፤ እስከ ዛሬ እየሠራ ነው ይላሉ።

ሬዲዮ የሚጠግን ሰው ቀኑን ሙሉ ዜና ይሰማል። ዜና የሚሰማ ሰው ይናደዳል። የተናደደ ሰው ደግሞ አጠገቡ እህት ካለችለት መከራዋን ያበላታል። እኔ ሱሪ እያሳጠርኩ ስለ ምርጫ እሰማለሁ፣ ዚፕ እየቀየርኩ ስለ ቀረጥ እሰማለሁ፣ ዘርፍ እየሰፋሁ ጨረቃ ላይ ስለሚወጡት ሰዎች እሰማለሁ። አንድ ቀን ለአንዲት ደንበኛ ቀሚስ ሁለት የግራ እጅጌ ቆርጬ ተገኘሁ። ደሜ ፈላ።

"ኧረ በፈጠረህ! ይሄን ሁሉ ለእኔ ከምትነግረኝ ለምን ለመንገደኛው አትነግረውም?" አልኩት።

በንዴት ነበር ያልኩት። እሱ ግን ምክር መሰለው። በማግስቱ አንድ ትምህርት ቤት ሊጥለው የነበረ ጥቁር ሰሌዳ በጋሪ አስጭኖ መጣና ከበራችን ውጭ ሰቀለው። ከዚያ ወዲህ ለአሥራ አንድ ዓመት በየጠዋቱ ሱቁን ሳይከፍት በጠመኔ አስተያየቱን ይጽፋል። ሰፈሩ ስሙን ረስቶ "ጋሽ ሰሌዳ" ይለዋል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አልክድም።

ለማንም አያዳላም፤ ይሄን ልመስክርለት። በሁሉም ወገን እኩል ይበሳጫል። አንድ ጠዋት "የዳቦ ዋጋ ቀንሷል ሲሉ ሰማሁ። ዳቦ ቤት ሄጄ አጣራሁ። ዳቦው አልሰማም" ብሎ ይጽፋል። ሌላ ጊዜ የሱቅ በር ስፋት ስንት ይሁን የሚል ደንብ ወጣና "ደንቡን የጻፈው ሰው ወገቡ ስንት ነው?" ብሎ ጻፈ። ወደ ጨረቃ የምትሄደዋ መንኮራኩር ለሦስተኛ ጊዜ በቱቦ ማንጠባጠብ ምክንያት ስትቀር ደግሞ "የእኔም ቧንቧ ሁለት ዓመት አንጠባጥቧል። ማንም ቆሞ ወደ ኋላ አልቆጠረለትም" አለ። ይህን ሁሉ ይበል እንጂ መንኮራኩር ይወዳል። ስትነሳ በሬዲዮ ከሰማ መበየጃውን አስቀምጦ ይቆማል፤ አንድ ጊዜማ ኮፍያውን ሲያወልቅ ዐይቼዋለሁ።

ሰሌዳውን ብዙ ሰው እያነበበ ያልፋል፤ ዋጋውን የሚያውቀው ግን አንድ ሰው ነው። እሱም ከመንገዱ ማዶ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለው ዝናብ ለኪው ነው።

ዝናብ ለኪው ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት በሜትሮሎጂ ጣቢያ ሠርቷል። ሥራው በየጠዋቱ ከሣሩ መሃል ወደቆመችው የቆርቆሮ መለኪያ ሄዶ፣ የተጠራቀመውን ውሃ ለክቶ፣ ቁጥሩን በደብተር ማስፈር ነበር። ጡረታ ከወጣም በኋላ በረንዳው ላይ የራሱን መለኪያ አቁሞ ቀጠለበት። የወንድሜ የልብ ጓደኛ ነው። በየጠዋቱ ይመጣና ሻዩን ቆሞ እየጠጣ ሰሌዳውን ያነባል፣ ያነበበውን ይቃወማል። ከሁሉ የሚብሰው የአየር ንብረቱ ነገር ነበር። እሱ "የዝናቡ ጊዜ ተቀይሯል፤ በደብተሬ አለ" ይላል። ወንድሜ ደግሞ "ሰማይ ድሮም አመለኛ ነው! እናንተ ለክታችሁ ነው ያስቀየማችሁት!" ብሎ ሽንጡን ገትሮ ይከራከራል። እኔ መሃል ሆኜ እሰፋለሁ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ዝናብ ለኪውን ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ ሰነፈ፣ አንደበቱ ተያዘ። ጭንቅላቱ ግን ምንም አልሆነም፤ ሁሉን ይሰማል፣ ያነባል፣ ዐይኑ እንደ ድሮው ይስቃል። ከሆስፒታል ሲመለስ ወንድሜ ሊጠይቀው ወጣና ከአንድ ሰዓት በኋላ ፊቱ በዕንባ ርሶ ተመለሰ።

"አንድ ቃል አላወጣም" አለኝ። "ብቻዬን አወራሁ። ብቻን ማውራት እንዴት ያስጠላል መሰለሽ!"

ስንት ዓመት ብቻውን ሲያወራብኝ የኖረ ሰው ነው ይሄን የሚለኝ። ግን አንጀቴን በላው።

በዚያው ሳምንት ሰሌዳውን ነቀለና ወደ ማዶው መስኮት አዙሮ ሰቀለው። ፊደሎቹን መዳፍ መዳፍ አሳከላቸው። ከአሮጌ ቴፕ ሁለት ትናንሽ መዘውር አወጣና ከዝናብ ለኪው መስኮት በላይ ገጥሞ ገመድ አዞረባቸው። እኔን "ሁለት ጨርቅ ስፊልኝ፤ አንድ ነጭ፣ አንድ ቀይ" አለኝ። ነጩን ከአንሶላ ቅዳጅ፣ ቀዩን ከመጋረጃ ትርፍ አወጣሁ። ሐሳቡ እንዲህ ነበር፤ ዝናብ ለኪው በመስኮቱ አጠገብ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሰሌዳውን ያነባል። ከተስማማ ነጩን ይስባል። ካልተስማማ ቀዩን።

የነጩ ገመድ በግራ እጁ በኩል ነው፣ በደህናው። የቀዩ ገመድ በቀኙ በኩል፣ ግራ እጁ በማይደርስበት ቦታ ነው የተንጠለጠለው። መጀመሪያ ወንድሜ ሳያስብ ያደረገው መስሎኝ "ምነው፣ አይራራም እንዴ አንጀትህ?" ብዬ ተቆጣሁት። በኋላ የዝናብ ለኪው ሚስት ናት የገለጠችልኝ።

"ፊዚዮቴራፒስቱ ቀኝ እጅህን አንቀሳቅስ ሲለው እንቢ ይላል" አለችኝ። "ወንድምሽ ሲያናድደው ግን ይነሳል።"

የመጀመሪያው ቀን ቀዩ ጨርቅ ሁለት ስንዝር ወጥቶ ቆመ። ከሁለት ወር በኋላ መስኮቱ አጋማሽ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት መንገደኛው ሁሉ ሰሌዳውን ያነብና ቀና ብሎ ማዶውን ማየት ልማድ ሆነበት። ወንድሜም ነገር ፍለጋው ባሰበት። ራሱ የማያምንበትን ሁሉ መጻፍ ጀመረ። "ምድር ብትሞቅ ምን አለበት? የብርድ ልብስ ወጪ ይቀራል" ያለ ቀን ቀዩ እንዴት እንደተስፈነጠረ ባያችሁ! ወንድሜ እንደ ደመወዝ ጭማሪ ነው የተደሰተው።

እንዲህ እያልን በሰላም ስንኖር ማዘጋጃ ቤቱ ደንብ አወጣ።

በየግድግዳው ተለጠፈ። "ከንግድ ቤት ውጭ የሚለጠፍም ሆነ የሚጻፍ ማንኛውም ጽሑፍ፣ ከሦስት የሥራ ቀን በፊት ቀርቦና ታይቶ ማኅተም ሳይመታበት እንዳይወጣ።" ምክንያቱ የከተማ ውበት ነው አሉ። ውበት! ከማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ያለው ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ጊዜ ገብቼ ወጥቻለሁ፤ ያኔ ውበት የት ነበር? ሰው ቤቱ በር ላይ በጠመኔ የሚሞነጫጭረውን እያነበበ የሚያጸድቅ ባለሥልጣን ሥራ ፈት ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ይሄ የእኔ አስተያየት ነው፤ ወንድሜ እኮ ብቻውን አይደለም አስተያየት ያለው።

ወንድም ጋሼማ እሳት ጎረሰ። በማግስቱ ሰሌዳው ላይ "ከዛሬ ጀምሮ ማሰብ የሚፈልግ ከሦስት ቀን በፊት ያመልክት" ብሎ ጻፈ። ዝናብ ለኪው ነጩን ሰቀለ። ከሰዓት ሁለት ደንብ አስከባሪዎች መጥተው ሰሌዳውን ነቅለው ወሰዱት። ደረሰኝም ሰጡን። "አንድ ጥቁር ሰሌዳ ከነጽሑፉ" ይላል።

"አልለምናቸውም!" አለ ወንድሜ። "በሕይወቴ ለሐሳቤ ወረፋ አልይዝም! ሞቼ ነው ቆሜ?"

በሦስተኛው ቀን የዝናብ ለኪው ሚስት መንገዱን ተሻግራ መጣች። ነጠላ ጫማ እንዳደረገች ነው፤ ቤት ውስጥ በነበረችበት። በሩ ላይ ቆማ ትንፋሿን ሰበሰበች።

"እህቴ፣ ቁርስ እንቢ ካለኝ ሁለት ቀኑ ነው" አለችኝ። "ወንበሩን ወደ መስኮቱ ሳዞርለት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ዛሬ ፊዚዮቴራፒስቱ መጥቶ እጁን ቢያነሳለት ዝም ብሎ ወደቀ፤ ያ ሁሉ የለፋበት እጅ! በሞቴ፣ ሰሌዳውን መልሱልኝ። ያሻውን ይጻፍበት። ስድብም ቢሆን ይጻፍበት።"

ወንድሜ አንድ ሬዲዮ ገልብጦ አጎንብሶ ነበር። መበየጃውን ከሶኬቱ ነቀለ፣ ሽርጡን ፈታ፣ ፀጉሩን በእጁ አስተካከለና ወጣ። እንደ እሱ ያለ ለመርህ ብሎ ምሳውን የሚተው ሰው ወዴት እንደሚሄድ ሳውቅ እንባዬ መጣ። መኪናዬን አቁሜ ተከተልኩት።

ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ መስኮት ቁጥር አራት ላይ አንዲት ሠላሳ ዓመት የማይሞላት ጸሐፊ ተቀምጣለች፤ ከፊት ለፊቷ ማኅተምና ሰማያዊ ቀለም አለ።

"ልጄ፣ ሰሌዳዬን ልወስድ ነው የመጣሁት" አላት።

"መውሰድ ይችላሉ ጋሼ። የሚጽፉትን ብቻ ከሦስት ቀን በፊት ያመጡልናል።"

"የዛሬ ሦስት ቀን በምን እንደምናደድ ዛሬ በምን ልወቅ?"

ልጅቱ ግራና ቀኙን አየች፤ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ "ይገምቱ" አለችው።

ገመተ። ምን ያድርግ! ያንኑ ዕለት ወንበር ተውሶ ኮሪደር ላይ ተቀምጦ፣ ሦስት ቀን ሊቆይ የሚችል ንዴት ሲያስብ ዋለ። ያቀረበው "መንኮራኩሯ ዛሬም አልተነሳችም። ብያችሁ ነበር" የሚል ነበር። ልጅቱ ከንፈሯን ነክሳ ማኅተሙን መታችበት። "ታይቶ ጸድቋል" ይላል፣ ክብ ሆኖ። የታተመበት ወረቀት ከሰሌዳው አጠገብ መለጠፍ አለበት፤ እሱም ደንብ ነው።

ሦስት ቀን ሞላና ሰሌዳው ተሰቀለ። በዚያው ጠዋት መንኮራኩሯ ሳትነሳ ቀረች! ዝናብ ለኪው ወንበሩን ወደ መስኮቱ አስመለሰ፣ ነጩን ሰቀለ፣ ሁለት እንቁላል በላ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሰፈሩ ግን ሌላ ነገር ነው ያየው። ከሦስት ቀን በፊት የተጻፈ፣ ማኅተም ያለበት፣ እንዳለው የሆነ ነገር።

ወንድሜ ሲቀጥል ቀላል ቀላሉን ገመተ። "የትናንቱ የሚኒስትሩ ንግግር ረጅም ነበር" አለ፤ ሆነ። "ስብሰባው ሌላ ስብሰባ ለመጥራት ተስማምቶ ተበተነ" አለ፤ ሆነ። ሰዉ ወረቀቷን ጠጋ ብሎ እያየ ራሱን መነቅነቅ ጀመረ። ወንድሜን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማንም አምኖት አያውቅም፤ አጠገቡ ክብ ማኅተም ሲለጠፍ ግን ሁሉም አመነው። ጎረቤታችን ፍራሽ ሠሪው ራሱ "እኔ ወንድምሽን አላምነውም፤ ማኅተሙን ነው የማምነው" አለኝ። እንግዲህ የሰውን ነገር ተመልከቱ።

ሁለት ሳምንት እንደሄደ ቀዩ ጨርቅ መስነፍ ጀመረ። የሚገመት ነገር ሁሉ እውነት ስለሆነ ዝናብ ለኪው በግራ እጁ ነጩን ብቻ ይስባል። ወንድሜ ይሄ አሳሰበው። ስለዚህ ማክሰኞ ዕለት ለዓርብ የሚሆን ጽሑፍ ሲያቀርብ፣ ጓደኛው ከሁሉ በላይ የሚናደድበትን መረጠ። ወሩ የበጋው መሃል ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። "በዚህ ወር ዝናብ የለም። ኖሮም አያውቅም። ዝናብ ለኪዎች እረፍት ውጡ!" ብሎ ጻፈ። ልጅቱ መታችበት።

ዓርብ ጠዋት ቀዩ ወጣ። ወረደ። እንደገና ወጣ። ሦስት ጊዜ! ወንድሜ መንገድ ላይ ቆሞ "እጁን ተመልከቱልኝ! እጁን!" እያለ እንደ ልጅ ይዘላል። ትንሽ ቆይታ ሚስትየዋ አንድ ወፍራም ደብተር ታቅፋ መጣች።

"በግራ እጁ እየጠቆመ አውርጂልኝ አለኝ" አለች። "ይሄን ገጽ አንብቡት እያለ ነው መሰለኝ።"

ወንድሜ ደብተሩን ሳያየው ጠረጴዛው ላይ አደረገው። እኔ ነኝ የገለጥኩት። በየዓመቱ የዚህ ወር ቁጥር በተርታ ተጽፏል። የድሮዎቹ ዓመታት ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ናቸው። ባለፉት አሥር ዓመታት ግን ስድስቱ ላይ ቁጥር አለ፤ በእርሳስ ተከብበዋል፣ ዛሬ የከበባቸው ይመስላል፣ ክቡ ይንቀጠቀጣል።

"ወንድም ጋሼ፣ ስድስት ጊዜ ዘንቧል" አልኩት።

"ቆርቆሮው ተቀድዶ ይሆናል።"

"ቢቀደድ ይጎድላል እንጂ ይጨምራል እንዴ?"

ጠረጴዛው ላይ ብሎን መፈለግ ያዘ። ሲሸነፍ የሚያደርገው እንዲህ ነው፤ የሚፈልገውን ብሎን ያጣል።

ማዘጋጃ ቤቱ ቅዳሜና እሁድ ስለማይሠራ የዓርቡ ጽሑፍ እንደተሰቀለ ቆየ። ቅዳሜ ፍራሽ ሠሪው ማኅተሙን አይቶ፣ የሠላሳ ፍራሽ ጥጥ ጣራው ላይ ዘረጋ። እኔ ራሴ፣ አትፍረዱብኝና፣ ያጠብኳቸውን ስድስት የደንበኛ መጋረጃዎች ጓሮ አሰጣሁ። ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ ለከተማ ውበት ብሎ አጥሩን በኖራ እያስቀባ ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ሰማዩ ጠቆረ። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ አወረደው። የምን ዝናብ! ሰው ገበታ እየተሸከመ፣ መጋረጃ እየጎተተ፣ እርስ በርሱ እየተጋጨ ይሮጣል። የማዘጋጃ ቤቱ ኖራ መንገዱን ነጭ አድርጎት ቁልቁል ሄደ። ፍራሽ ሠሪው ጣራው ላይ ቆሞ ጥጡን በሁለት እጁ እየጨመቀ ማኅተሙን ይሳደባል። ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ በስብሶ፣ አፉን ከፍቶ ሰማይ ሰማይ ያያል። እኔ መጋረጃዎቼን ታቅፌ ቀና ስል፣ ማዶው መስኮት ላይ ዝናብ ለኪው ተቀምጧል። ዝናቡን ዘልቆ የሚመጣ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ሁለት ዓመት ድምፁ ያልተሰማው ሰውዬ ከአንጀቱ እየሳቀ ነው! ሚስቱ ከኋላው ትከሻውን ይዛ እሷም ትስቃለች፣ ታለቅሳለችም።

ሰኞ ጠዋት ፍራሽ ሠሪው ሦስት እርጥብ ፍራሽ ተሸክሞ መስኮት ቁጥር አራት ፊት ዘረጋቸው። ከኋላው ልብስ አጣቢዋ ነበረች፣ ጣውላው ያበጠበት አናጢም ነበር። እኔም ሄጃለሁ፤ ለማየት።

ኃላፊው ራሱ ወጣ። "ማዘጋጃ ቤቱ ለዝናብ ተጠያቂ አይደለም" አለ።

"ታይቶ ጸድቋል ይላል!" አለው ፍራሽ ሠሪው። "ማን ነው ያየው? ምኑን ነው ያጸደቀው? እኔ እኮ ጋሽ ሰሌዳን አላምንም፤ እናንተን አምኜ ነው!"

ኃላፊው ማኅተም ያለባትን ወረቀት ከፍራሽ ሠሪው ተቀብሎ አነበበ። ደግሞ አነበበ። ከፍራሹ የወጣው ውሃ ወደ ጫማው ሲመጣ አንድ እርምጃ አፈገፈገ። ከዚያ ቢሮው ገብቶ በሩን ዘጋ።

ከሰዓት ያቺ ጸሐፊ ራሷ ወደ ሱቃችን መጣች፤ ማጣበቂያና አዲስ ማስታወቂያ ይዛ። "በጠመኔ የሚጻፉ ጽሑፎች ማዘጋጃ ቤቱን አይመለከቱም" ይላል። በራችን ላይ ለጠፈችና ሳቋን መያዝ አቃታት።

"እንግዲህ ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ በራስዎ ይሳሳቱ" አለችው።

ሰፈሩ አጨበጨበለት። ፍራሽ ሠሪው እንኳ ተሳድቦ ሲያበቃ አቀፈው። እኔ ይጨፍራል ብዬ ስጠብቅ፣ ወንድሜ ወደ ውስጥ ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ደብተሩ በብሎኑና በቁልፉ መሃል ከዓርብ ጀምሮ እንደተከፈተ ነው። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ማንበብ ያዘ። ሁለት ሬዲዮ ሊወስዱ የመጡ ሰዎችን መለሰብኝ። እስክንዘጋ ድረስ አነበበ።

"እትዬ" አለኝ። ሲከፋው ነው እንዲህ የሚለኝ፤ ታናሹ ነኝ እኮ። "ይሄ ሰው ይሄን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ 'ይመስለኛል' ብሎ አልጻፈም። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ስጽፍ አንድ ቀን እንኳ አልለካሁም።"

ምን ሊጽፍ እንዳሰበ ገባኝ። "ልክ ነህ ብለህ ብትጽፍለት በግራው ነጩን ይስባል" አልኩት። "እጁስ? ያ ሁሉ ነገር ፍለጋህ ለእጁ አልነበረም?"

"ለእጁ ነበር። የዝናቡን ግን ለእጁ ብቻ ብዬ አይደለም የጻፍኩት፤ እውነት መስሎኝ ነው። ይሄን ካላልኩት ጓደኛው ነኝ ብዬ እንዴት ፊቱን አያለሁ?"

ልክ ነበር፤ እንዲህ ያለ ቀን ብዙ ስለማይገኝ አከበርኩለት።

በማግስቱ ጠዋት ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ አጠበው። አዲስ ጠመኔ አወጣና ከወትሮው አስበልጦ ጻፈ። "ዝናቡ ተቀይሯል። ጓደኛዬ ልክ ነበር፤ እኔ ተሳስቻለሁ። ማኅተም የለውም። ያልኩት እኔ ነኝ።"

አንብቦ ያለፈ የለም፤ ሁሉም ቆመ። ፍራሽ ሠሪው ጥጥ እንደያዘ ወጣ። ልብስ አጣቢዋ ቆመች። ሁላችንም ቀና አልን። ሚስትየዋ ወንበሩን ስታስጠጋ ይታየናል። ዝናብ ለኪው አነበበ። ቆየ። ደግሞ አነበበ መሰለኝ። እኔ ነጩን ጨርቅ ነበር የማየው፤ ሲንቀሳቀስ ላየው ባልወድም ዐይኔን መንቀል አቃተኝ። አልተንቀሳቀሰም።

ቀዩ ተንቀሳቀሰ።

ስንዝር ወጣ፣ ቆመ። ሌላ ስንዝር ወጣ። አጋማሹን አለፈ፣ ከዚህ በፊት ደርሶ የማያውቅበት ደረሰ፣ ከመዘውሩ ጋር ተላተመና እዚያው ቀጥ አለ።

"እንዴ፣ አላነበበውም እንዴ?" አለች ልብስ አጣቢዋ።

ወንድሜ ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ። "ልክ ነህ እኮ ነው ያልኩህ!"

ቀዩ ጨርቅ እዚያው ከላይ እንደተሰቀለ ተርገበገበ። ነፋስ አልነበረም። ከመስኮቱ ያ የቅዳሜው ሳቅ ተሰማ።

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ፤ እንባው በጉንጩ ይወርዳል፣ ጥርሱ ሁሉ ይታያል። "አየሽው? ልክ ነህ ብዬው እንኳ አይስማማም! ምን ዓይነት ደረቅ ሰው ነው!" አለኝ። ወዲያው ጠመኔውን አንስቶ ነገ ስለ ጨረቃ ምን እንደሚጽፍለት ለፍራሽ ሠሪው ማውራት ጀመረ፤ ፍራሽ ሠሪው ባይጠይቀውም።

እኔ ከሰዓት መርፌና ክር ይዤ ወደ ማዶ ወጣሁ። ቀዩ ጨርቅ ከመዘውሩ ሲላተም ጠርዙ ተተርትሮ ነበር፤ በድርብ ክር ሰፋሁለት።